ባቄላና ሽንብራ በደጋ አገር ስለ ምን ይዘገያሉ?

የመሥሪያ ቤት የምሳ ሰዓት ምን እንደሚመስል እናንተም ታውቁታላችሁ። ስድስት ሰዓት ሲሆን መዝገቡ ይታጠፋል፤ የምሳ ዕቃው ክዳን ይከፈታል፤ ወዲያውም የአምስትና የስድስት ቤት ወጥ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይሸታል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጨዋታ ስለ ትናንቱ እራት ነው። አንዱ «ሽሮ የሚጥመው ሲያድር ነው» ይላል፤ ሌላይቱ ከጎመኗ ጠቅልላ ጎረቤቷን ታጎርሳለች። ከምግቡ ቀጥሎም የዕቃው ውዳሴ ይመጣል። በእኛ ክፍል የሒሳብ ሠራተኛዋ ከኤሌክትሪክ ምጣዷ በቀር የምታመሰግነው ነገር የላትም። መዝገብ ቤት የሚሠሩት እትዬ ደግሞ ከእናታቸው የወረሱትን የእንጨት ሙቀጫ እያነሡ፣ «ይህን የሚተካ መኪና ገና አልተሠራም» በማለት ሁላችንንም ይገዳደሩናል።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ግን ይህ ጨዋታ ወደ ክርክር ተለወጠ። ከድሬዳዋ ተዛውራ የመጣች ባልደረባችን ምሳ ዕቃዋን ከፍታ ሽንብራውን በማንኪያ ብትጫነው፣ እንደ ጠጠር ተፈናጥሮ ከእኔ ወረቀት ላይ ዐረፈ። ሁላችንም ሣቅን፤ እርሷ ግን አልሣቀችም። «ድሬዳዋ ሳለሁ በዚሁ ድስት፣ በዚሁ ሰዓት ልክ ይበስልልኝ ነበር። እዚህ የቀጠርኳት ልጅ እሳቱን ትታ ወሬ ትይዛለች መሰለኝ። የከሰሉን ዋጋ አንድ ጊዜ ከደመወዟ ቆርጬባታለሁ፤ አሁን ግን ወሩ ሲያልቅ ላሰናብታት ነው» አለች። እትዬ ጉርሻቸውን ገታ አድርገው፣ «ልጄ፣ የልጅቱን እንጀራ ከመዝጋትሽ በፊት አንድ ቀን አንቺው ራስሽ ከድስቱ አጠገብ ተቀመጪ» አሏት። ነገሩን ጠይቄና አንብቤ በመረመርኩት ጊዜ እትዬ እውነት እንዳላቸው ተረዳሁ። ጥፋቱ የልጅቱም የሽንብራውም አልነበረም፤ የአየሩ ነው። ዛሬ የማስረዳችሁ ይህንኑ ነው።

ውኃ በመቶ ዲግሪ ይፈላል ተብለን በትምህርት ቤት ተምረናል። ይህ ልክ የሚሆነው ግን በባሕር ጠረፍ ለተቀመጠ ሰው ነው። ውኃ ፈላ የምንለው፣ በውስጡ የሚፈጠረው እንፋሎት ከላይ የሚጫነውን አየር ገፍቶ ለመውጣት የሚበቃ ኃይል ሲያገኝ ነውና። አየርም እንደ ማናቸውም ነገር ክብደት አለው፤ በባሕር ወለል ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚያርፈው አየር አንድ ኪሎ ያህል ይመዝናል። ወደ ደጋ በወጣን መጠን ከራሳችን በላይ የሚቀረው አየር እያነሰ ይሄዳል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ስላላት የአየሩ ሸክም ወደ ሦስት አራተኛው ወርዶላታል። ሸክሙ ሲቀልል እንፋሎቱ ቶሎ ያሸንፋል፤ ስለዚህ ውኃው ገና በ92 ዲግሪ ገደማ ሳለ ይንተከተካል። በጠቅላላው 300 ሜትር ያህል ከፍ ባልን ቁጥር አንድ ዲግሪ እንደሚቀነስ አድርጎ ማስላት ይቻላል። በዚህ ሒሳብ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ድሬዳዋ ውኃዋን በ96 ዲግሪ ታፈላለች፤ ደብረ ብርሃን ግን ከ91 ዲግሪ አታልፍም። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ በሚገኘው በዳሎል ምድር ደግሞ የሚፈላው ከመቶ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው፤ ሽንብራ ለመቀቀል ወደዚያ የሚወርድ ሰው መኖሩን ግን እጠራጠራለሁ።

ከድሬዳዋ እስከ አዲስ አበባ ያለው ልዩነት አራት ዲግሪ ብቻ አይደለምን? ትሉኝ ይሆናል። አራት ዲግሪ በክረምትና በበጋ አየር መካከል ምንም አይደለም፤ በድስት ውስጥ ግን ብዙ ነው። ሙቀቱ በአሥር ዲግሪ ሲቀንስ የማብሰያው ጊዜ ብዙውን ጊዜ እጥፍ ወይም ከዚያም በላይ ይሆናል። ስለዚህ ባልደረባችን ድሬዳዋ ሳለች አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃው የነበረው ሽንብራ፣ እዚህ ሁለት ሰዓት ቢፈልግ ሊያስደንቃት አይገባም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ልትሉት የሚገባው ነገር አለ። ውኃው አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ እሳቱን ብታበዙት ሙቀቱ አንዲት ዲግሪ እንኳ አይጨምርም። በኃይል የሚንተከተከው ድስትና ጥቂት በጥቂት የሚፈላው ድስት ሙቀታቸው አንድ ነው፤ ልዩነቱ የመጀመሪያው ውኃውን ቶሎ ማትነኑ ብቻ ነው። ያቺም ልጅ ወጡ ባልበሰለ ቁጥር ከሰል ስትጨምር፣ እመቤቷም ስለ ከሰሉ ስትቆጣ፣ ሁለቱም የደከሙት ውኃን ወደ ጣሪያ ለመላክ ነበር። ከሰልን በተዘጋ ቤት ውስጥ አብዝቶ ማንደድ ደግሞ ገንዘብ ብቻ አያባክንም፤ ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ ስለሚያወጣ ሰው ይገድላልና በርና መስኮቱ ይከፈት።

እዚህ ላይ ስለ ደጋው ሰው ማድቤት አንድ ነገር ልናገር። ከፍታው የሚቸግረው በውኃ ውስጥ የሚቀቀለውን ነገር ብቻ ነው። ምጣድ ላይ የሚቆላ እህል የውኃው ወሰን አይመለከተውም፤ ሙቀቱ ከመቶ በላይ ያልፋል። ሽሮን አስቡት፤ እህሉ አስቀድሞ ይቆላል፣ ይከካል፣ ይፈጫል፤ ከድስቱ ሲገባ የቀረው ሥራ ጥቂት ነው። ክክም እንዲሁ ገለባው ተነሥቶለት ለሁለት ስለተከፈለ ከድፍኑ አተር ፈጥኖ ይበስላል። ሽንኩርቱን ውኃ ሳይነካው የምናቁላላውም በዚሁ መንገድ ነው፤ ውኃ ከገባ በኋላ ያን የመሰለ ቀለምና ሽታ አይገኝም። አያቶቻችን ይህን ሁሉ ያደረጉት የአየርን ክብደት ለክተው ነው አልልም። ነገር ግን ማገዶና ጊዜ የሚቆጥበው ዘዴ በደጋው ማድቤት ሥር ሰድዶ መገኘቱ በአጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም።

የሒሳብ ሠራተኛዋም ምጣድ ከፍታ አያውቅም። ከሸክላው በታች በቦዩ ውስጥ የተዘረጋው ሽቦ ኤሌክትሪኩ ሲያልፍበት ይግላል፤ ሊጡ ሲፈስ ውስጡ ያለው ጋዝና እንፋሎት ሽቅብ እየፈነዳ ዓይን ያወጣል፤ አክምባሎውም እንፋሎቱን ይዞ የላይኛውን ፊት ያበስለዋል። ይሁንና ይህ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ 3,500 ዋት ያህል ይወስዳል፤ ይኸውም አሥር አሥር ዋት የሚወስዱ 350 አምፖሎችን በአንድ ጊዜ እንደ ማብራት ነው። ጎረቤቱ ሁሉ መብራቱን በሚያበራበት በምሽቱ ሰዓት ባይጣድ መልካም ነው።

አሁን ወደ ሽንብራው እንመለስ። አየሩ ሸክሙን ከነፈገን፣ ሸክሙን እኛው በድስቱ ውስጥ ልንሠራው እንችላለን። ይህን ያሰበው ዴኒ ፓፔን የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ ነበር። እርሱም እ.ኤ.አ. በ1679 ዓ.ም. በሎንዶን ክዳኑ አጥብቆ የሚዘጋ ድስት ሠርቶ አሳየ፤ በ1682 ዓ.ም. ደግሞ የሮያል ሶሳይቲ አባሎች በዚሁ ድስት የተሠራ እራት ተጋበዙ፤ የቀረበላቸውም አጥንት ሳይቀር ለስልሶ ነበር። ዛሬ በገበያ የምናገኘው የግፊት ድስት የዚያው የልጅ ልጅ ነው። እንፋሎቱ መውጫ ሲያጣ ውኃውን መልሶ ይጫነዋል፤ የተጫነው ውኃ ቶሎ መፍላት ስለማይችል ሙቀቱ በአዲስ አበባ እንኳ ወደ 115 ዲግሪ ይደርሳል። ሽንብራው ሁለት ሰዓት መሆኑ ቀርቶ፣ ተዘፍዝፎ ካደረ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይለሰልሳል።

አንዳንድ ሰዎች በተራው ድስት ክዳን ላይ ድንጋይ ይጭናሉ። ይህ እንደማይበቃ በሒሳብ እንየው። ክዳኑ ከዳር እስከ ዳር 24 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 452 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። በእያንዳንዱ ላይ የአንድ ኪሎ ግፊት ለማግኘት ከክዳኑ ላይ አራት ኩንታል ተኩል ጤፍ መጫን ያስፈልጋል! የግፊቱ ድስት ክዳን በድንጋይ ሳይሆን በጥርስ የሚቆለፈው ስለዚህ ነው። ዕቃውን የሚያስፈራውም ይኸው ነው፤ እሳት ላይ ሳለ በክዳኑ ሥር ያን ያህል ጉልበት ታፍኗል።

ስለዚህ ነገር የምናገረው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ድስቱን በገዛሁ በሁለተኛው ሳምንት፣ እራት ዘግይቶብኝ ስለነበር፣ ከእሳቱ እንዳወረድኩት እጀታውን በጉልበት አዞርኩት። ክዳኑ ከእጄ አመለጠ፤ ባቄላው ከጣሪያው ተለጠፈ፤ ክንዴም ተቃጠለ። ጎረቤቶች ቅቤና የጥርስ ሳሙና ይዘው መጡ፤ እኔም ባለማወቅ አስቀባሁ። ሐኪሙ ግን ቁስሉን ባየ ጊዜ ይህን ሁሉ ነቀፈ። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ የተቃጠለውን ገላ ወዲያውኑ ቀዝቃዛ በሆነ የቧንቧ ውኃ ሥር ሃያ ደቂቃ ያህል መያዝ ይገባል፤ ቅቤም ሊጥም አይቀባም። ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ ወይም ፊትን ከነካ፣ ይልቁንም የተቃጠለው ልጅ ከሆነ፣ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

እንግዲህ ድስቱ ያላችሁ ሁሉ፣ ወይም ለቤት ሠራተኛችሁ የምታስረክቡ፣ ይህን አስረዱልኝ። ጥራጥሬ ሲቀቀል አረፋ ስለሚያወጣ ድስቱ ከግማሽ በላይ አይሞላ፤ ገለባው የእንፋሎቱን መውጫ ሊደፍነው ይችላል። ሳይጣድ በፊት መውጫውን በብርሃን አንጻር እዩት፤ የክዳኑን ጎማም ዳስሱት፤ ከተሰነጠቀ ይለወጥ። ካወረዳችሁት በኋላ እንፋሎቱ ፈጽሞ ወጥቶ ማመልከቻው እስኪወርድ ጠብቁ። ክዳኑ እንቢ ካለ ገና ነው ማለት ነው፤ አትታገሉት። በዚህ ዘመን በኤሌክትሪክ የሚሠራው ዓይነት ብዙውን ጊዜ ራሱ ሰዓቱን ጠብቆ ይጠፋል፤ ቢሆንም የመውጫው ነገር ለእርሱም ያው ነው።

ድስቱን ለመግዛት ኪሳችሁ ያልፈቀደላችሁ አትዘኑ። ጥራጥሬውን ማታ ዘፍዝፎ ማሳደር ብቻውን ብዙ ከሰል ያተርፋል። ቲማቲምና ሎሚ ቅርፊቱን ያጠነክራሉና እህሉ ከለሰለሰ በኋላ ይግቡ። አንዳንድ ሰው የሚጨምረው ቢካርቦኔት በእርግጥ ያለሰልሳል፤ ሲበዛ ግን ጣዕሙን ያበላሻል፣ ከቪታሚኖቹም አንዱን ያጠፋል። ቀይ ቦሎቄ ለምትበሉ ደግሞ አደራ እላችኋለሁ፤ ጥሬነት የቀረው ቀይ ቦሎቄ ኃይለኛ ማስመለስና ተቅማጥ ያመጣል። የዘፈዘፋችሁበትን ውኃ ድፉት፤ በአዲስ ውኃ በኃይል አፍሉት፤ በደጋ አገርም ፈላ ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ጨርሶ እስኪለሰልስ ድረስ አብስሉት።

ባልደረባችን በእትዬ ምክር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ራሷ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። ከሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ጠብቃ ሽንብራውን ብትነካው ገና ነበር። በወሩ መጨረሻ ልጅቱን አላሰናበተቻትም፤ የቆረጠችባትንም የከሰል ዋጋ መልሳላታለች። አሁን ድስቱን ገዝታለች፤ ክዳኑንም ከልጅቱ በቀር ማንም አይከፍተውም ትላለች፤ ከሁለቱ የበለጠ የምትታገሠው ልጅቱ ናትና። እትዬ ግን እስከ ዛሬ አላመኑም። ባለፈው ሳምንት ከዚያው ሽንብራ አንዲት ፍሬ በጣታቸው ጨፍልቀው ካዩ በኋላ፣ «መልካም ነው፤ እኔ ግን ቆልቼ አስፈጨዋለሁ» ብለው ወደ ሽሯቸው ተመለሱ።