የካሜራ ፍቅርና ፍቅረ ንዋይ

«ፍቅረ ንዋይ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በሣጥን ተቈልፎ ስለሚቀመጥ ገንዘብ ነው። በግእዝ ግን ንዋይ ማለት ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ዕቃም ነው፤ ጽዋውን፥ ዕርፈ መስቀሉንና ጽናውን «ንዋየ ቅድሳት» የምንላቸው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ዕቃን ያለ ልክ መውደድም ከዚሁ ስም ሥር እንደሚገባ እኛ የተረዳነው ከጉባኤ ቤት ሳይሆን ከአንድ የፎቶግራፍ ማንሻ መሣሪያ ነው።

በሉማሜ ከማስተማር ሥራችን በሚተርፈን ጊዜ ፎቶግራፍ ማንሣት ከጀመርን ብዙ ዓመት ሆኖናል። የመጀመሪያው ካሜራችን ሰው የተገለገለበት ነበር። በእርሱ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለውን የጤፍ ማሳ፥ በጥምቀት ነጭ ለብሶ ታቦታቱን የሚያጅበውን ሕዝብ፥ ተማሪዎቻችንንም ስናነሣ ኖርን። ፎቶግራፋችን ጐደለው ያለን ማንም አልነበረም። ጐደለው ያልነው እኛው ነን፤ ያንንም ያልነው ያነሣነውን ተመልክተን ሳይሆን፥ ማታ ማታ በስልካችን ስለ አዳዲስ ካሜራዎች የሚያወሩትን ቪዲዮዎች ስንመለከት ነው።

ቍጥሩ ነው የሚያታልለው። ካኖን 5ዲ የተባለው ካሜራ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ አንዱን ፎቶግራፍ ከ12.8 ሚሊዮን ነጥቦች ያቀናብር ነበር፤ በ2008 ተተኪው 21 ሚሊዮን፥ በ2016 አራተኛው 30 ሚሊዮን አደረሰው፤ በ2020 የወጣው አር5 ደግሞ 45 ሚሊዮን ደረሰ። ይህን ያየ ሰው በእጁ ያለው ሁሉ ያረጀ ይመስለዋል። ሒሳቡን በጥቍር ሰሌዳ ላይ ብንሠራው ግን፥ በግድግዳ የሚሰቀል 20 በ30 ሳንቲ ሜትር ፎቶግራፍ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ተቈጥሮ ሲታተም የሚያስፈልገው 8 ሚሊዮን ተኩል ያህል ብቻ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን፥ ከእርሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ፥ ዛሬ ማንም በማይመኘው መሣሪያ ያነሡት የዚያን ዘመን ሰው ፊት አሁንም ይታየናል።

መሣሪያ ሁሉ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። በቅዳሴ ጊዜ ብልጭታ ማብራት ነውር ነው፤ የቤተ ክርስቲያናችንም ውስጥ ጨለም ይላል። ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ አቅርበን ስናነሣበት ቀዳዳው ከ5.6 በላይ አይከፈትም ነበር፤ 1.8 የሚባለው ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን ከዚያ ከ9 እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። እርሱን በመግዛታችን አልተጸጸትንም። ችግሩ በእርሱ አለማብቃታችን ነው።

ዕቁብ ደረሰን። ገንዘቡ የወጥ ቤታችንን ጣራ ቆርቆሮ ለመለወጥ የታሰበ መሆኑን ባለቤታችንም እኛም እናውቅ ነበር። ነገር ግን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቈይ ከ100 ብር አልፎ ነበርና፥ «ካሜራ ነገ ይብሳል» የሚለው ምክንያታችን እውነት መሰለን። ፈተና ባዶ እጁን አይመጣም፤ ሒሳብ ይዞ ይመጣል። ባለቤታችን አልተቈጣችም። «ለመሆኑ ባለፈው ዓመት ካነሣኸው ስንቱን አሳትመህ ለሰው ሰጠህ?» ብላ ጠየቀች። ቈጠርነው፤ ያነሣነው ከ4 ሺህ በላይ፥ የሰጠነው 11። መልሱን በልባችን ይዘን፥ አሮጌውን ካሜራ በመስከረም ሸጥነው፤ አዲሱንም አዘዝን።

በጥቅምት፥ አዲሱ ሳይደርስ፥ ፊደል ያስቈጠሩን የኔታ ዐረፉ። የኔታ ብራና ጸሐፊም ነበሩ። መቃውን በካራ ቀርጸው ብርዕ ያደርጉታል፤ ጥቍሩንና ቀዩን ቀለም በሁለት ቀንድ ይይዛሉ፤ በዚሁ ስንት ዳዊት እንደ ጻፉ። ሰው ጽሕፈታቸውን አይቶ እጃቸውን ሲያመሰግን እንጂ ብርዑን ሲጠይቅ አልሰማንም። ባለፈው ፋሲካ «ልጄ፥ እኔንስ መቼ ታነሣኛለህ?» ብለውን ነበር። የፊታቸው መስመር ሁሉ ጐልቶ እንዲወጣ የተሻለው መሣሪያ እስኪመጣ እንቈይ ብለን ቀጠርናቸው። በቀብራቸው ዕለት ቤተ ሰዎቻቸው ከአስከሬናቸው ፊት የሚያዝ ፎቶግራፍ ሊለምኑን መጡ፤ ከሉማሜ ሰው ሁሉ መርጠው ወደ እኛ መጡ። አልነበረንም። የመታወቂያ ወረቀታቸውን ጕርድ ፎቶግራፍ አስተልቀው ያዙ፤ ፊታቸው የሚለየው በጥምጥማቸው ነበር።

አዲሱ ካሜራ በኅዳር ደረሰ። መልካም መሣሪያ ነው፤ ክፉ አንናገርበትም። መጀመሪያ ያነሣንበት የእኒያን መምህር እኅት፥ በደጃቸው ተቀምጠው ጥጥ ሲፈትሉ ነው። በዚያው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ወርደን በ20 በ30 አሳትመን ሰጠናቸው። የወጥ ቤቱ ጣራ ገና አልተለወጠም፤ ዝናብ ሲጥል ባለቤታችን ምጣዱን ከምታፈሰው ቀዳዳ ሥር ፈቀቅ ታደርጋለች።