አውቆ የተኛ፣ አውቆ የሚያልም

የተከናነቡትን ጋቢ ጠርዙን ያዝ አድርገው ፈልቀቅ ያድርጉት፤ አራት ፈርጅ ነው። የዶርዜ ሸማኔ ሌሊቱን የሚያሞቅዎት አንድ ወፍራም ጨርቅ ሠርቶ ሳይሆን ስስ ስሱን ደራርቦ ነው።

ከጋቢው ሥር ያለው እንቅልፍዎም እንደዚያው ድርብርብ ነው። ከማታ እስከ ንጋት አንድ ወጥ ሆኖ አይዘልቅም። በየ90 ደቂቃው ገደማ አንዱ ፈርጅ ያልቅና ሌላው ይጀምራል፤ በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ ሕልም የሚበዛበት ጊዜ አለ። የመጀመሪያው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ወደ ንጋት እየረዘመ ሄዶ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሆናል። ቡና እየተፈላ የሚተረከው ሕልም አብዛኛው "ሊነጋጋ ሲል" የታየ መሆኑ ለዚህ ነው።

ዛሬ ግን የሕልም ፍቺ አላወራዎትም። የማወራዎት ሕልሙ ውስጥ እንዳሉ "ይሄ እኮ ሕልም ነው" ስለማለት ነው። እኔ አውቆ ማለም እለዋለሁ። ደግሞም ይለመዳል።

እስቲ ዓይንዎን ጨፍነው ጣትዎን በስሱ የዓይንዎ ቆብ ላይ ያሳርፉ። ጣትዎን ሳያነሱ ግራ ቀኝ ይመልከቱ። ከሥር የምትንከባለለዋ ጉብታ ተሰማችዎት? ነገ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ደግሞ የተኛ ልጅዎን ፊት ቀስ ብለው ይዩ። ዕድለኛ ከሆኑ ያቺው ጉብታ በተከደነው ቆብ ሥር ወዲያ ወዲህ ስትል ያገኟታል።

የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን እ.ኤ.አ. በ1953 ለዓለም ያሳወቁት ይህንኑ ነበር። በዚያ ሰዓት የተቀሰቀሰ ሰው ብዙ ጊዜ "ሕልም ላይ ነበርኩ" ይላል። አሰሪንስኪ እንቅልፋቸውን ከተከታተላቸው አንዱ የገዛ ልጁ ነበር፤ እርስዎም ከልጅዎ ቢጀምሩ አያፍሩ።

ዓይን እንዲህ ሲሯሯጥ ሌላው አካል ተቆልፏል። ባይቆለፍማ፣ ጫሞ ሐይቅ ዳር ከአዞ ሲሸሽ ያደረ ሰው አጠገቡ የተኛውን በእርግጫ ይጨርሰው ነበር። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና ቁልፉ ሳይከፈት ይቀራል። ያኔ ደረትዎ ላይ የሆነ ነገር የተቀመጠ ይመስልዎታል፣ ልጩህ ቢሉ ድምፅ የለም። ብዙ ጊዜ ዱካክ የምንለው ይህንኑ ነው። ከቁልፉ የሚያመልጡት ዓይንና ትንፋሽ ናቸው። ሁለቱን ይያዙልኝ፤ ኋላ ያስፈልጉናል።

ሌላም የሚያንቀላፋ አለ። ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል እንደ ግቢ ዘበኛ ነው፤ "ማነህ? ከየት መጣህ?" የሚለው እሱ ነው። በሕልም ሰዓት ሥራው ይቀዘቅዛል፣ በሩም ወለል ብሎ ያድራል። ስለዚህ አዞ ሲቀላ ገበያ ቁጭ ብሎ ሙዝ ሲቸረችር ቢያዩ አይደነግጡም፤ ዋጋ ይከራከራሉ። ደለል ያቀላው አባያ ሐይቅ በሕልምዎ እንደ መስተዋት ጠርቶ ቢጠብቅዎትም ምንም ሳይመስልዎት ያልፋሉ። አውቆ ማለም ማለት ዘበኛው የቤቱን ሰው ሳይቀሰቅስ አንድ ዓይኑን ሲገልጥ ነው።

አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም እንላለን። ተመራማሪዎችንም ያስቸገራቸው ይኸው ነገር ነበር። አንድ ሰው "ተኝቼ ሕልም መሆኑን አውቄ ነበር" ቢል፣ አለመንቃቱን በምን እናረጋግጣለን? መልሱ ካልተቆለፈችው ዓይን መጣ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1975 በእንግሊዝ ሀል ዩኒቨርሲቲ ኪት ሄርን የተባለ ተመራማሪ አለን ዎርስሊ ከተባለ ጎበዝ አላሚ ጋር ተስማማ፦ ሕልም መሆኑን ስታውቅ ዓይንህን ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ አድርግ። አደረገው። መሣሪያው አካሉ በደንብ መተኛቱን እያሳየ፣ የተስማሙበትን የዓይን እንቅስቃሴም አብሮ መዘገበ። በአሜሪካ ስታንፎርድ ስቲቨን ላበርዥ በራሱ መንገድ እዚያው ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1981 አሳተመው።

እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ጥናት ደግሞ ባሰ። ተኝቶ ሕልም ላይ ያለን ወጣት "8 ሲቀነስ 6?" ብለው ጠየቁት። ዓይኑን ሁለት ጊዜ ግራ ቀኝ አደረገ። እኔ ነቅቼም አንዳንድ ጠዋት እንዲህ አልፈጥንም።

እንግዲህ ወደ ልምምዱ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ዶርዜ የከረመው ፈረንሳዊ አንትሮፖሎጂስት ዳን ስፐርበር ደስ የሚል ነገር ጽፏል። ዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ይጾማል ይሉት ነበር። ታዲያ በጾም ቀን ከብቱ ያለ ጠባቂ ይውላል? አይሞከርም! ረቡዕም ዓርብም እንደ ሌላው ቀን ይጠበቃል። ከእርስዎ የምፈልገው እንዲህ ያለ ጠባቂነት ነው፦ ንቁ መሆንዎን ቢያምኑም መፈተሽ።

አሁኑኑ አፍንጫዎን በሁለት ጣት ይያዙ፣ አፍዎን ይግጠሙ፣ አየር ይሳቡ። አልገባም አይደል? በሕልም ግን ብዙ ጊዜ ይገባል። የያዙት የሕልሙን አፍንጫ ነዋ፤ እውነተኛው ጋቢ ውስጥ ክፍት ሆኖ ይተነፍሳል። ባጃጅ ሲሳፈሩም ከፊት ያለችው ባጃጅ ኋላዋ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፣ ዞር ይበሉ፣ ደግመው ያንብቡ። በሕልም ጽሑፍ አይጸናም። የተጻፈበት ቆርቆሮ የለምና አንጎልዎ ባዩት ቁጥር እንደ አዲስ ይጽፈዋል። ይህን በቀን አሥር ጊዜ ያህል ያድርጉ፣ ግን ለይምሰል አይሁን። "ምናልባት ተኝቼ ይሆን?" ብለው ከልብ ይጠርጥሩ። በቀን የለመደ እጅ በሌሊትም ወደ አፍንጫ ይሄዳል።

ትራስ አጠገብ ደብተር ይኑር። ሲነቁ አይገላበጡ፤ መጀመሪያ የሕልሙን ጭራ ይያዙና ወደ ኋላ ይጎትቱት፣ ከዚያ ይጻፉ። ሳምንት ሳይሞላ የሚደጋገም ነገር ያገኛሉ። የእኔ ዳገት ነው፤ የማያልቅ ዳገት።

ዋናው ዘዴ የንጋቱ ነው። ማታ 4 ሰዓት ከተኙ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይነሡ፤ ማኅሌት የሚሄድ ሰው ሰዓቱን በደንብ ያውቀዋል። ጥቂት ደቂቃ ቁጭ ብለው ያለሙትን ያስታውሱ። ተመልሰው ሲተኙ "ቀጥዬ ሳልም፣ ሕልም መሆኑን አስታውሳለሁ" ይበሉ፣ ራስዎንም እዚያው ሕልም ውስጥ ሲነቁ በዓይነ ሕሊናዎ ይዩት። ተአምር የለውም። "ስመለስ ጨው ልግዛ" ብለው ሱቁ ደጃፍ ሲደርሱ ትዝ የሚልዎት በዚያው ችሎታ ነው። የመጨረሻዎቹ ረጃጅም የሕልም ፈርጆች ገና ከፊትዎ ስላሉ ሰዓቱም ያግዝዎታል።

ይሠራል ወይ? የአውስትራሊያው ዴንሆልም አስፒ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት እነዚህን ዘዴዎች አጣምረው ለአንድ ሳምንት ከሞከሩት ሰዎች ሙከራ 17 በመቶው ተሳክቷል፤ ከስድስት ሌሊት አንዱ መሆኑ ነው። ያቺን ዓረፍተ ነገር ብለው በ5 ደቂቃ ውስጥ እንቅልፍ ከወሰዳቸው 46 በመቶ ደርሷል። ስለዚህ አልጋ ላይ ሆነው ስልክ አይክፈቱ። በማግሥቱ የዶርዜን ጠመዝማዛ መንገድ የሚነዱ ከሆነም የዚያን ሌሊት ይለፍዎት። እውኑንና ምናቡን መለየት ያስቸገረው ሕመምተኛ ደግሞ ጨርሶ አይሞክረው።

እኔን የመጀመሪያው ቀን ደስታው ራሱ ቀሰቀሰኝ፤ ሁለት ሰከንድ እንኳ አልቆየሁም። በሁለተኛው፣ ላበርዥ እንደሚመክረው፣ ሕልሙ እንዳይበተን እጆቼን አፋተግሁ። ከሲቀላ ወደ ሴቻ የምትወጣ ባጃጅ ላይ ነበርኩ። ዳገቱ አያልቅም። ዞር ስል አባያ ሰማያዊ ሆኖ ተኝቷል። አፍንጫዬን ያዝኩ፤ አየሩ ገባ።

"ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ሕልም ነው!" አልኩት ሾፌሩን።

በመስተዋት አየኝና፣ "ይሁና ጋሼ፤ ሴቻ ስንደርስ ግን ሒሳብ አይቀርም" አለኝ።