የአባቴ ዝናርና በረኪናው

አባቴ ከኮሪያ ይዘዋቸው ከተመለሱት ዕቃዎች መካከል አንድ የሸራ ዝናር፣ አንድ የአሉሚኒየም ኮዳ ከነሸራ ልባሱ፣ ጥንድ የቆዳ ጫማና አንድ የሱፍ ብርድ ልብስ ለእኔ ቀርተዋል። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ኮሪያ ሲደርስ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ነበር የተሰለፈው፤ ትጥቁም አሜሪካ ሠራሽ ነበር። ዝናሩ አሥር ኪስ አለው። በእያንዳንዱ ኪስ ስምንት ሆነው የታሰሩ የኤም ዋን ጠመንጃ ጥይቶች ይገባሉ፤ ሲሞላ ሰማንያ ጥይት ወገብ ላይ ታጥቆ መሮጥ ማለት ነው።

በአንዱ ኪስ ክዳን ውስጥ አባቴ ስማቸውን በቀለም ጽፈውበት ነበር። “ነበር” ያልኩት እኔው ስላጠፋሁት ነው። ባረፉ በዓመቱ፣ በ1996 ዓ.ም.፣ ሳሎን ልሰቅለው አስቤ በሙቅ ውሃና በኦሞ ዘፈዘፍኩት። አልጠራ ሲለኝ በረኪና ጨመርኩበት። ሲደርቅ ሸራው ገርጥቶ፣ ተኮማትሮ፣ ስሙ ደብዛው ጠፍቶ አገኘሁት። ሕግ ተምሬ፣ ሰውን ሁሉ “ማስረጃ አትነካኩ” እያልኩ የኖርኩ ሰውዬ በቤቴ የነበረውን ዋና ማስረጃ በገዛ እጄ አጠብኩት!

ከዚያ ወዲህ አንብቤና ባለሙያ ጠይቄ የተረዳሁትን ላካፍላችሁ። የአርበኛ አያት ዝናር ወይም የክብር ዘበኛ ካፖርት በሳጥን ያስቀመጠ አንባቢ ጥቂት አይመስለኝም።

በመጀመሪያ ኪሶቹን ፈትሹ። ጥይት ከተገኘ ነገሩ የጽዳት መሆኑ ቀርቶ የሕግ ይሆናል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ ጥይት መያዝን ይከለክላል፤ የአባት መታሰቢያ መሆኑ ፈቃድን አይተካም። ሳይነካኩ ለፖሊስ ማሳወቅ ነው።

ቀጥሎ ፎቶግራፍ። ክዳን ገልጣችሁ፣ ስፌቱን፣ ማኅተሙን፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ አንሡ። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ የደበዘዘ ጽሑፍ ጎላ ብሎ ይታያል። እኔ ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ የአባቴ የእጅ ጽሑፍ በፎቶ ይኖረኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ቡሩሽ የሚነሣው፤ እሱም ለስላሳና ደረቅ። ሸራ ጥጥ ነው። ውሃ ሲነካው ይኮማተራል፣ ቀለሙን ይለቃል፣ የቁልፎቹን ዝገት ወደ ክሩ ይስባል። በረኪና ደግሞ የጥጡን ክር ራሱን ይበላዋል፤ ዛሬ የነጣው ቦታ ነገ የሚቀደደው ነው። አቧራ የሚስብ መኪና ያለው ሰው አፉ ላይ ወንፊት ጨርቅ አስሮ በዝቅተኛ ኃይል ሊጠቀምበት ይችላል። ስፌት ውስጥ የገባ አፈር ካልወጣ ይቅር። የኮሪያ አፈር መርካቶ አይገዛም።

የናስ ቁልፍ ቆዳ በሚነካበት ቦታ አረንጓዴ፣ ሰም የመሰለ ነገር ያበቅላል። ይህ የቆዳው ቅባት ከመዳቡ ጋር ተዋህዶ የፈጠረው ስለሆነ በእንጨት ስንጥር ቀስ እያሉ ማንሣት ይበቃል። ኮዳውን በሽቦ ፈትጎ ማብለጭለጭ ግን ውበት አይደለም፤ የጊዜውን መልክ መላጨት ነው። ቆዳን ቅባት ማጠጣትም ያው ነው። ዘይትና ቫዝሊን አቧራ ይይዛሉ፣ ዘይቱም ውሎ አድሮ ይደርቅና ቆዳውን ያገረዋል። ጫማውን ንጹሕ ነጭ ወረቀት ጎስጉሶ ቅርጹን መጠበቅ ይሻላል።

ብርድ ልብሱን ብል ጀምሮት ነበር። ለሱፍ ፍቱኑ መድኃኒት ብርድ ነው፦ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ አየሩን አስወጥቶ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነ ማቀዝቀዣ ሁለት ሳምንት ማቆየት። ሲወጣ ላስቲኩ ለአንድ ቀን አይፈታም፤ አለበለዚያ ጠል ያረጥበዋል። መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ከሄደ ቆጠራው እንደገና ይጀመራል። እኔ ሦስት ጊዜ ጀምሬያለሁ።

ማስቀመጫው ቀላል ነው። ክረምት በላስቲክ ታፍኖ የከረመ ሸራ ይሻግታል። ጋዜጣም አይሆንም፤ ወረቀቱ አሲድ አለው፣ ቀለሙም ያትማል (ጋዜጣ ላይ የምጽፍ ሰው መናገሬ ያሳፍራል)። ታጥቦ ሙጫው የለቀቀ አቡጀዲ ምን ወጥቶለት! ፀሐይ በማይነካው፣ እርጥበት በሌለው ክፍል አጋድሞ ማስቀመጥ ነው። ዝናር አይሰቀል፤ የራሱ ብረት ክብደት ስፌቱን ይጎትተዋል።

መለያም ያስፈልገዋል። ፕላስተር ሙጫው ስለሚጎዳ ቀጭን የጥጥ ጥብጣብ ላይ በእርሳስ ተጽፎ ይታሰራል። የአባቴ ዝናር ላይም አስሬበታለሁ። ስማቸው አለበት፤ የእጅ ጽሑፉ ግን የእኔ ነው።