ከተዋሱት ቀሚስ እስከ ራሳቸው ብዕር

ትወና፣ ሙዚቃና ውዝዋዜ በአንድነት የመድረክ ጥበባት ተብለው የሚጠሩ ሲሆኑ፣ ሴቶች የኑሮን ጫና ተቋቁመው የኖሩበት ጽናት በግልጽ ከሚታይባቸው መስኮች መካከል ናቸው። ይሁን እንጂ ሴት መድረክ ላይ መታየቷና ሴት በመድረክ መናገሯ የተለያዩ ነገሮች ስለሆኑ፣ በዚህ ዘርፍ የጾታ እኩልነትን ለመመዘን የሚሻ ሰው የተዋናዮቹን ቁጥር ከመቁጠሩ በፊት የሚናገሩትን ቃል ማን እንደጻፈው፣ የሚተረከውም ታሪክ የማን እንደሆነ መጠየቅ ይኖርበታል። ጥያቄው በአዲስ አበባ ቴአትር ቤቶች የሰባ ዓመት ያህል ታሪክ አለው፤ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ባሉት በማጂ፣ በሚዛንና በቴፒ አካባቢዎች ደግሞ ገና በሚገባ አልተጠየቀም።

የአማርኛ ዘመናዊ ተውኔት የሚጀምረው በ1913 ዓ.ም. ገደማ በታየው በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ነው። የዚህ ሥራ ገጸ ባሕርያት እንስሳት ስለነበሩ ሴትን ማን ይጫወታት የሚል ጥያቄ አላስነሣም። ከዚያ ወዲህ በትምህርት ቤቶችና በማኅበራት መድረክ ሰዎችን የሚያሳዩ ተውኔቶች መቅረብ ሲጀምሩ ግን፣ እናትም ሆነች ሙሽራ ባስፈለገች ጊዜ ቀሚስ ተውሶ፣ ሻሽ አስሮ፣ ድምፁን አቅጥኖ የሚወጣው ወንድ ነበር። ልማዱ እስከ 1940ዎቹ መዝለቁ የሴት ችሎታ በመጥፋቱ አልነበረም፤ ይኸው ማኅበረሰብ በለቅሶ ቤት ለሴቷ ሰፊ መድረክ ሰጥቷት ኖሯልና። አልቃሽ የምትባለው ሴት የሟቹን ሙያና ዘር በግጥም እያነሣች፣ ግጥሙን እዚያው እየፈጠረች፣ ዜማውን ከፍና ዝቅ እያደረገች መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ታስለቅሳለች፤ በዋግ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ በሚባለው የነሐሴ በዓልም ልጃገረዶች ዘፈኑንም ጭፈራውንም በራሳቸው ይመራሉ። ጎድሎ የነበረው ተሰጥኦው ሳይሆን በትኬት የሚገባበትን አዳራሽ ለሴት ክብር የሚመጥን ቦታ አድርጎ የሚያይ ዓይን ነበር።

በዚህ ረገድ ከሩቅ ምሥራቅ የታይዋን ታሪክ የሚያስተምረው ነገር አለ። ጌዛይሺ የሚባለው የደሴቲቱ ሕዝባዊ የዜማ ድራማ በሰሜን ምሥራቅ ባለው የዪላን ሜዳ የተወለደ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ሁሉንም ሚና የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ሴቶች ከገቡበት በኋላ ግን የሴቱን ሚና ከወንዶች በመረከብ ሳይወሰኑ የንጉሡን፣ የጦር አዛዡንና የአፍቃሪውን ወጣት ሚና ጭምር ወሰዱ፤ ዛሬ የጌዛይሺ ተመልካች መሪውን ወንድ ገጸ ባሕርይ ሴት ስትጫወተው ማየትን እንደ ወጉ ይቆጥረዋል። በ1944 እ.ኤ.አ. በዪላን የተወለደችው ያንግ ሊ ህዋ በቴሌቪዥን ዘመን በዚህ ዓይነት ሚና አገር ያወቃት ሆነች፤ በ1929 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የሚንግ ህዋ ዩዋን ቡድን ኮከብ ሱን ጹይ ፌንግም እንዲሁ በወንድ ሚናዋ የታወቀች ናት። የታይዋን ሴት የጀግናውን ሰይፍና ካባ ስትለብስ፣ በዚያው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ መድረክ የሴቷን ቀሚስ ለወንድ ያለብስ ነበር።

ይህን ልማድ በኢትዮጵያ ከሰበሩት ቀደምት ተዋንያት አንዷ አስናቀች ወርቁ ናቸው። አስናቀች ተዋናይ፣ ዘፋኝና የክራር ተጫዋች ሲሆኑ፣ ክራር ከበገና ጋር ሲነጻጸር የዓለማዊ ዘፈን መሣሪያ ተደርጎ ስለሚታይ፣ ሴት ክራር አንሥታ በአደባባይ መዝፈኗ አዝማሪ የሚለውን ስም እንደ ስድብ የሚያሸክማት ነበር። እሳቸው ግን ስሙን ተሸክመው ሥራቸውን ቀጠሉ፤ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ለረጅም ዓመታት ተጫወቱ፣ ዘፈኑ። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ሕይወታቸውን የሚዘግብ «አስኒ» የተባለ ዘጋቢ ፊልም ለእይታ በቅቷል። የእሳቸው ድፍረት የውሰት ቀሚስን ዘመን ለመዝጋት ረድቷል፤ ለገጸ ባሕርይዋ የሚሰጠው ቃል ግን በአብዛኛው ከወንድ ደራሲ ብዕር የሚወጣ ሆኖ ቀረ።

ብዕሩን በእጃቸው ያስገቡት ሴት ታሪክ ደቡብ ምዕራብን የሚነካ ነው። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ሲሆኑ፣ በ1908 ዓ.ም. ተወልደው በስዊዘርላንድ ተምረው ተመልሰዋል። ጣሊያን አገሪቱን በወረረ ጊዜ በቡና ንግዷ ወደምትታወቀው ወደ ጎሬ ሄደው ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። ጎሬ ያን ጊዜ ዋና ከተማው ከተያዘ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት የቀረው አካል የተሰባሰበባት ከተማ ነበረች፤ ከዚያ በማሻ በኩል ወደ ቴፒ የሚወርደው መንገድም እስከ ዛሬ የቡናውን አገር ያያይዛል። የአካባቢውን ጦር ይመሩ የነበሩት ልዑል ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ ዳር እጃቸውን ለመስጠት ከተገደዱ በኋላ የተደራጀው ጦር ተበተነ፤ በየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ማግስትም ወይዘሮ ስንዱ ከብዙ ኢትዮጵያውያን ጋር በሰርዲኒያ አጠገብ ወዳለችው የአዚናራ ደሴት ተጋዙ። በኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም ተብለው በፒያኖ ሥራቸው ዓለም ያወቃቸው ታናሽ እኅታቸውም ከቤተሰቡ ጋር እዚያው ደሴት ታስረዋል። አንድ ቤት ለኢትዮጵያ ጥበብ ሁለት እንዲህ ያሉ ሴቶችን ማበርከቱ፣ ሁለቱም በአንድ የግዞት ደሴት ማለፋቸው፣ ከሚገባው በታች የተነገረ ታሪክ ነው።

ከነጻነት በኋላ ወይዘሮ ስንዱ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ሆነው ተማሪዎቻቸው የሚጫወቷቸውን ተውኔቶች ይጽፉ ነበር፤ በ1942 ዓ.ም. የታተመው «የልቤ መጽሐፍ»ም ከዚሁ የአርበኝነት ስሜት የፈለቀ ነው። ትምህርት ቤቱ የልጃገረዶች ስለነበር የአርበኛውም ሆነ የጠላቱ ሹም ሚና በልጃገረድ እጅ መውደቁ የማይቀር ነበር፤ በዪላን ሜዳ ብዙ ዓመት የፈጀው ለውጥ በዚህ ግቢ ውስጥ ያለ ክርክር ተፈጽሟል ማለት ነው። እኒሁ ደራሲ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ በተጠናቀቀው የመጀመሪያው ጠቅላላ ምርጫ አሸንፈው በኢትዮጵያ ፓርላማ በሕዝብ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ሴት ልጅን በመድረክ ጮክ ብላ እንድትናገር ያለማመደ ሰው ራሱ በሸንጎ ለመናገር መብቃቱ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይመስልም።

በደርግ ዘመን ማጂና ጊሚራ በከፋ ክፍለ ሀገር ሥር የሚገኙ አውራጃዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን ከቀበሌ እስከ ክፍለ ሀገር የተደራጁት የሙዚቃና የድራማ ቡድኖች በአጭሩ ኪነት ይባሉ ነበር። የኪነቱ ግጥም ሥርዓቱን ለማወደስ የታዘዘ መሆኑ የማይካድ ቢሆንም፣ ከየቀበሌው የተመለመሉ ልጃገረዶች ከቤት ወጥተው፣ ተለማምደው፣ በሕዝብ ፊት መቆም የለመዱት በዚሁ አጋጣሚ ነው።

ከኅዳር 14 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በተባለው በዚህ ምድር፣ ቤንች፣ ሸኮ፣ ዲዚ፣ ሱሪ፣ ሜኢኒት፣ ሸካና ካፋ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ከእነዚህ ሁሉ ሴቶች መካከል ፊቷ በዓለም ላይ በብዛት የታየው የሱሪ ሴት ናት፤ ድምፅዋ ግን ከሁሉም ያነሰ ተሰምቷል። ከንፈሯን በስታ የሸክላ ገል የምታስገባው ሴት ምስል በፖስት ካርድ፣ በመጽሔትና በፎቶ መጻሕፍት ላይ ታትሞ አልቋል። ከሩቅ የመጣ ጎብኚ ገንዘብ ከፍሎ ፎቶ ሲያነሣ፣ ልጆችና ወጣት ሴቶች ፊታቸውን በነጭ አፈር ቀብተው፣ አበባና ቅጠል በራሳቸው ላይ ደርድረው መቆምን ለምደዋል። ከዚህ አለባበስ ብዙው ለካሜራው ሲባል የተፈጠረ በመሆኑ ሁኔታው ራሱ አንድ ዓይነት ትወና ነው፤ ድርሰቱ ግን የተመልካቹ ነው። ስለ ከንፈር ገሉ ሲነገር የኖረው፣ ሴቶችን ባሪያ ፈንጋይ እንዳይመኛቸው መልካቸውን ለማበላሸት የተጀመረ ነው የሚለው ወሬም የዚያው ድርሰት አካል ነው። በሱሪና በጎረቤታቸው በሙርሲ ዘንድ የኖሩ የሥነ ሰብእ አጥኚዎች፣ ማለትም የሕዝቦችን አኗኗር ቀርበው የሚያጠኑ ምሁራን፣ ይህን አይቀበሉትም፤ ሴቶቹ ራሳቸው ገሉን ለአቅመ ሔዋን የመድረስ፣ የክብርና የኩራት ምልክት አድርገው እንደሚናገሩ ጽፈዋል። ዛሬ ከንፈሬን አልበሳም የምትል ልጃገረድም አለች። የሁለቱም ሴቶች ምርጫ በመድረክ ቢተረክ ለተመልካች የሚሰጠው ትምህርት ከሺህ ፎቶግራፍ ይበልጣል።

በክልሉ በዓላትም ተመሳሳይ ነገር ይስተዋላል። የብሔር ብሔረሰቦች ቀን በሚከበርበት ኅዳር 29 ሴቶች በባህል ልብሳቸው አምረው ይጨፍራሉ፤ የቡና አገር ናቸውና አንዷ ጀበና ይዛ መቀመጧም የተለመደ ነው። ጀበናው ክፉ ነገር የለውም። ነገር ግን በቤንች፣ በሸኮና በሸካ ቤቶች የሴቷ ቀን በብዛት የሚጀምረው በጀበና ሳይሆን በጨሞ ነው። ጨሞ ከቡና ቅጠል የሚዘጋጅ ትኩስ መጠጥ ሲሆን፣ ቅጠሉ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ቃሪያና ሌላም ቅመም ገብቶበት ይፈላል፤ የሚቀዳውም ብዙ ጊዜ በቅል ነው። ቅጠሉን የምትሸመጥጠው፣ ቅመሙን የምትወቅጠው፣ እሳቱን የምታነደው ሴቷ ናት፤ ፍሬው ለገበያ ሲሄድ ለቤት የሚቀረውን ቅጠል ወደ መጠጥ የለወጠችውም እሷው ናት። የዚያ አገር ሴት ራሷ በጻፈችው ተውኔት የመጀመሪያው ትዕይንት ከጀበና ይልቅ በሙቀጫ ድምፅ ቢከፈት አያስገርምም።

ለዚህ የሚሆን አርኣያ በአገሪቱ አልጠፋም። ዓለምፀሐይ ወዳጆ ገጣሚ፣ ተዋናይትና አዘጋጅ ሆነው በአዲስ አበባ የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትርን መሥርተዋል፤ በስደት በኖሩበት በአሜሪካም በጣይቱ ስም የባህልና የትምህርት ማዕከል አቋቁመው ለኢትዮጵያውያን መድረክ ሆነዋል። አዜብ ወርቁ ስምንት ሴቶች ብቻ የሚጫወቱትን የፈረንሳይ ተውኔት ወደ አማርኛ መልሰዋል። መዓዛ ወርቁ የጻፉት፣ ደጋግማ ትዳሯ የፈረሰባትን ሴት ታሪክ የሚያሳየው ተውኔት ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በአፍሪካ ሴቶች ተውኔቶች መድበል ውስጥ ታትሟል። የተፈታችን ሴት ገመናዋን ሸፍና እንድትኖር በሚመክር ማኅበረሰብ ፊት፣ ያቺኑ ሴት የታሪኩ ባለቤት አድርጎ ማቆም ራሱ ትልቅ ሥራ ነው።

አንጋፋዎቹ የመንግሥት ቴአትር ቤቶች በአዲስ አበባ የተሰበሰቡ ስለሆኑ፣ ከማጂ ተራራ እስከዚያ ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ነው። ርቀቱን በከፊል የሞላው ሬዲዮ ነው፤ ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍሎች የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የሬዲዮ ድራማ የሴቶችን ጤናና የቤተሰብ ምጣኔ በቤት ውስጥ ወሬ ደረጃ አውርዶ ያነጋገረ ሲሆን፣ በ2005 ዓ.ም. የጀመረው «የኛ»ም አምስት ወጣት ሴቶችን በድራማና በዘፈን አቅርቧል። ሬዲዮ ግን ድምፅ ያመጣል እንጂ የአካባቢውን ድምፅ አይወስድም፤ ለዚያ የሚያስፈልገው በቅርብ ያለ መድረክ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በአካባቢው መኖሩ በዚህ በኩል ትልቅ ዕድል ነው።

ዩኒቨርሲቲው እንዲህ ያለ መድረክ እስኪሆን ድረስ በጣም ቅርብ የሆነው መድረክ የትምህርት ቤት ግቢ ነው። በየካቲት 29፣ ዓለም አቀፍ የሴቶች ቀን በሚከበርበት ጊዜ፣ የክበባት ተማሪዎች ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ ስለ ጠለፋና ትምህርት ስለማቋረጥ አጫጭር ድራማዎችን ያሳያሉ። በቡና አገር የለቀማው ወራት ከትምህርቱ መጀመሪያ ጋር ስለሚጋጭ፣ ደብተር ያስቀመጠችና ቅርጫት ያነሣች ልጅ ታሪክ ለተመልካቹ የጎረቤት ታሪክ ነው፤ ጽሑፉን የሚያዘጋጁትም ራሳቸው ተማሪዎቹ ናቸው። የሽማግሌውን ሚና የሚወስድ ወንድ ልጅ ካልተገኘ አንዲት ተማሪ የአባቷን ጋቢ ትደርባለች፣ ከዘራ ትይዛለች፣ ባዘቶ ጥጥ በአገጯ ላይ ለጥፋ ትወጣለች፤ ግቢው በሳቅ ይሞላል። ሳቁ እስኪበርድ ከዘራዋን ተደግፋ ትጠብቅና፣ በሽማግሌው ወፍራም ድምፅ ልጅቷ ወደ ትምህርቷ ትመለስ ብላ ትፈርዳለች።