ጅብ፦ የየካ ተራራ ጎረቤታችን

ከፈረንሳይ ለጋሲዮንም ሆነ ከኮተቤ በላይ፣ ተራራው ሥር የሚኖር የየካ ሰው ከጅብ ጋር ለመተዋወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ሌሊት ድምፁን ይሰማል። ማለዳ እንጨት ለመልቀም ወደ እንጦጦ የሚወጡ እናቶች ዱካውን አቧራው ላይ ያገኙታል። ልጅ አልተኛ ሲል የሚጠራው የእርሱ ስም ነው። ይህን ያህል ቀርበነው እንኳ ስለ እርሱ የምናውቀው ከአያ ጅቦ ተረት ብዙም አያልፍም፦ ሆዳም፣ ፈሪ፣ ሞኝ። ዕድሜያቸውን ለጥናቱ የሰጡ ሰዎች ግን ውስብስብ ማኅበራዊ ኑሮ ካላቸው አጥቢ እንስሳት መካከል ይቆጥሩታል።

የሩቅ አገር የባዮሎጂ ተማሪዎች ይህን እንስሳ ለማየት ባሕር ተሻግረው ይመጣሉ። የአሜሪካው ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኬይ ሆልካምፕ እ.ኤ.አ. በ1988 በኬንያ ማሳይ ማራ የጀመሩት ጥናት እያንዳንዱን ጅብ በነጠብጣቡ እየለየ ትውልድ በትውልድ ሲመዘግብ ቆይቷል፤ ብዙ ወጣቶችም የመስክ ሥራ የተማሩት እዚያ ነው። የየካው ጅብ ከማሳይ ማራው ጋር ዝርያው አንድ ነው። ለእኛ ተማሪ የሚያስፈልገው ፓስፖርት ሳይሆን ጠዋት በጊዜ መነሣት ነው።

ጅብ ሲያዩት ውሻ ይመስላል እንጂ ዝምድናው ከድመትና ከጥርኝ ወገን ነው። በዓለም ላይ ካሉት አራት የጅብ ዝርያዎች ሦስቱ በኢትዮጵያ ይገኛሉ፦ በየከተማችን ዳር የሚዞረው ነጠብጣባሙ፣ በደረቁ ቆላ የሚኖረው ባለ መስመሩ፣ ሥጋ ትቶ ምስጥ እየላሰ የሚኖረው ትንሹ ዘመዳቸውም። የነጠብጣባሙ የፊት እግሮች ከኋላዎቹ ስለሚረዝሙ ጀርባው ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል፤ ሲራመድም ያነከሰ ይመስላል። «ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» ያሉት አባቶች አረማመዱን በደንብ አስተውለዋል። እነርሱ ለተንኮል የሰጡት ያ አካሄድ ረጅም መንገድ ሳይደክም ለመጓዝ ከተሠራ አካል የሚመጣ ነው።

ይበልጥ የሚገርመው ግን የመንጋው ሥርዓት ነው። ብቻውን ሲያልፍ የምናየው ጅብ የአንድ መንጋ አባል ነው፤ መንጋው ጥቂት ጅቦች ብቻ ያሉት ሊሆን ይችላል፣ ምግብ በበዛበት ደግሞ ሰማንያና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የበላይነቱ የሴቶቹ ነው። ልጅ ማዕረጉን የሚወርሰው ከእናቱ ሲሆን፣ የአለቃዪቱ ግልገል ገና ጡት ሳይጥል ትልልቆቹ ቦታ ይለቁለታል፤ ምክንያቱም በየጠቡ እናቱ ከጎኑ ትቆማለች፣ ሌሎቹም ይህን ያውቃሉ። ወንዶቹ ሲጎረምሱ የተወለዱበትን መንጋ ትተው ሌላ ይፈልጋሉ፤ እዚያም ከሁሉ በታች ሆነው ኑሮን ይጀምራሉ።

የሴቷ የመራቢያ አካል ከውጭ ሲታይ የወንድ ይመስላል። ጅብ አንዴ ወንድ አንዴ ሴት ይሆናል የሚለው ጥንታዊ እምነት ከዚህ የመነጨ ነው። የምትወልደውም በዚያው ጠባብ መንገድ ስለሆነ የመጀመሪያው ወሊድ ለእርሷም ለግልገሉም አደገኛ ነው። አራት ወር ካልሞላ እርግዝና በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ግልገሎች ይወለዳሉ፤ ጥቁር ፀጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው፣ ጥርስ አብቅለው። እናትም ከአንድ ዓመት በላይ ልታጠባቸው ትችላለች።

ሌሊት ከጫካው የሚሰማው፣ ከታች ተነሥቶ ወደ ላይ የሚሳበው ጩኸት እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የእያንዳንዱ ጅብ ጩኸት የራሱ መልክ ስላለው ሌሎቹ ማን እንደተጣራ ይለያሉ። የጅብ ሳቅ የምንለው ደግሞ የተጠቃ፣ የፈራ ወይም ምግብ ላይ የተሻማ ጅብ ድምፅ ነው።

ጥንብ ብቻ ይበላል የሚለው አስተሳሰብ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተናግቷል። ሃንስ ክሩክ የተባሉ ተመራማሪ በታንዛኒያ ሴሬንጌቲና ንጎሮንጎሮ ጅቦችን ሌሊት ሌሊት ተከታትለው በተለይ በንጎሮንጎሮ አብዛኛውን ምግባቸውን ራሳቸው እያደኑ እንደሚበሉ፣ አንበሳም ግዳያቸውን እንደሚነጥቃቸው አሳዩ። የዱር እንስሳ በሳሳበት በእኛ ደጋ ግን ኑሮው ሌላ ነው። እዚህ ጅብ በሰው ላይ ተደግፎ ይኖራል፦ በዕርድ ትርፍ፣ ከሥጋ ቤት በሚጣል አጥንት፣ በሞተ ከብት፤ ሲርበው ደግሞ በቁም ባለ አህያና በግ።

ስለ ጅብ ከተጻፉት ሁሉ ለየካ ተማሪ የምመርጥለት ጥናት በውቅሮ አካባቢ የተሠራው ነው። የመቐለ ዩኒቨርሲቲው ግደይ ይርጋና ባልደረቦቻቸው ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፦ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሰው ሥጋ ሲተው ጅብ ምን ይበላል? የጅብ ኩስ ሰበሰቡ፣ ውስጡ ያልተፈጨውን ፀጉር ለዩ፣ የየትኛው እንስሳ እንደሆነ በማይክሮስኮፕ መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ውጤታቸው እንደሚያሳየው የአህያ ፀጉር ድርሻ ከጾሙ በፊት 14.8 በመቶ የነበረው በጾሙ ወቅት ወደ 33.1 በመቶ ወጣ፤ ጾሙ ሲፈታ ወደ 22.2 በመቶ ወረደ። ዕርድ ሲቆም ትርፍራፊው ይጠፋል፤ ጅቡም ፊቱን ወደ አህያው ያዞራል። የሰው የሃይማኖት ሥርዓት የአውሬን ማዕድ ሲለውጥ በቁጥር ማየት ለእኔ ከማንኛውም የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ይበልጣል። የሚጠይቀው መሣሪያም አንድ ማይክሮስኮፕ፣ ጓንትና ትዕግሥት ነው። ብዙዎቹ የአዲስ አበባ ሥጋ ቤቶችም በሁዳዴ ይዘጋሉና ጥያቄው እንጦጦ ላይ እንደገና ሊጠየቅ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ የመቐለና የአካባቢዋ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሚደርስ የእንስሳት ቅሪት እንደሚያነሡ፣ በዚህም አባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ወደ ሰውና ወደ ከብት እንዳይዛመቱ እንደሚያግዙ ገምቷል።

ተራራው ራሱ ጥሩ መማሪያ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣው የእንጦጦ ሸንተረር ዝናቡን ለሁለት ይከፍላል፦ የደቡቡ ጎን ውኃ በቀበናና በሌሎች ወንዞች ወደ አዋሽ ይወርዳል፣ የሰሜኑ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ገደላማዎቹ ወንዞች ጫካውን ከከተማው ያገናኛሉ፤ ለጅብም የሌሊት መንገድ ናቸው። አብዛኛው ጫካ በምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ቢሆንም በየመካከሉ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ቀርተዋል። ድኩላና ጦጣም አሉ።

ጅቡን ራሱን ማየት አያስፈልግም፤ ምልክቱን ማንበብ ይበቃል። ዱካው አራት ጣት አለው፣ ጥፍሩም መሬቱ ላይ ይታያል፤ የፊት እግሩ ዱካ ከኋላው ይሰፋል። ኩሱ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል፣ ምክንያቱም አጥንት ፈጭቶ የሚበላ እንስሳ ካልሲየሙን የሚያስወግደው በዚያ ነው። ፀጉርና ሰኮና ደግሞ ተጠቅልለው በአፉ ይወጣሉ። አንድ ቦታ ብዙ ኩስ ከተገኘ መንጋው ድንበሩን ያመለከተበት ሊሆን ይችላል። በሣር ዘለላ ላይ የሚለጠፈው ሽታው የከረረ ቅባት ከጭራው ሥር ካለ ዕጢ የሚወጣ የመልእክት ምልክት ነው።

ጥንቃቄ ግን የግድ ነው። ጉዞው በቀን ብርሃን፣ በቡድንና ከመምህር ጋር ይሁን። ኩስ በባዶ እጅ አይነካም፤ ጉድጓድና ዋሻ ውስጥ አይገባም፣ ግልገል ያላት እናት ልትኖር ትችላለችና። የእብድ ውሻ በሽታ በጅብም ይተላለፋል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይዘገይ ለክትባት ጤና ተቋም መሄድ አለበት።

ስለ ጅብ ያለማወቃችን ዋጋ የከፈሉት ጅቦች ብቻ አይደሉም። «ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» እየተባሉ ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቤተ እስራኤላውያን ለዘመናት ተገልለዋል፤ ቡዳ ተብለው ከጋብቻና ከማዕድ ተለይተዋል። አንድ ተማሪ የጅብን ኩስ በማይክሮስኮፕ አይቶ፣ መንጋው እንዴት እንደሚኖር ተምሮ ሲመለስ ያን ሐሜት የሚያምንበት ምክንያት ያንሰዋል። እኔ የመስክ ትምህርት ዋጋ እዚህ ላይ ይታየኛል።

የየካ የባዮሎጂ መምህራን ሆይ፣ የሚመጣው ሁዳዴ ሳይገባ ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ አንድ ጠዋት ወደ ተራራው ውጡ። ጓንትና የወረቀት ከረጢት ያዙ፤ ቀኑንና ቦታውን መዝግቡ። በጾሙ መካከል አንድ ጊዜ፣ ከፋሲካ በኋላም አንድ ጊዜ ተመለሱ።