«ስኬች» የተባለው ቃልና የአማርኛ ወንድሞቹ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው 70 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሄደ ሞጆ ይደርሳል። በዚህች ከተማ መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ አንደኛው ወደ አዳማ ይቀጥላል፤ ሁለተኛው ወደ ደቡብ ታጥፎ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ አድርጎ ሐዋሳ ይገባል። ደረቅ ወደቡም በዚሁ ስላለ፣ ዕቃ ጫኝ መኪናዎች ሲገቡና ሲወጡ ይውላሉ። እንዲህ ባለ መገናኛ ላይ መንገድ ጠያቂም መንገድ ነጋሪም አይጠፋም።

እኛም በዚያ ባለፍን ጊዜ ከአንድ ሻይ ቤት ደጃፍ ቁጭ ያሉ ሽማግሌ አግኝተን፣ የምንፈልገው መጋዘን በየት በኩል እንደ ሆነ ጠየቅናቸው። ሽማግሌውም ብዙ አልተናገሩም፤ እንጨት አነሡና አፈሩ ላይ አንድ ረዥም መስመር ሰመሩ፤ በእርሱም ላይ ሌላ አጋድመው፣ «ይኸ ሐዲዱ ነው፤ ይኸ ድልድዩ ነው፤ እናንተ እዚህ ጋ ትታጠፋላችሁ» አሉን። በአጠገባቸው የተቀመጠ አንድ ተማሪ ፈገግ ብሎ፣ «አባባ ስኬች ሠሩላችሁ» ቢለን፣ ሽማግሌው፣ «መንገድ ነገርሁ እንጂ ምን ሠራሁ!» ብለው ሳቁ።

ይህን የሰሙ አንዲት እናት ግን አልሳቁም። «ይህ ስኬች የምትሉት ነገር እኔን ሁለት ጊዜ አመላልሶኛል» አሉና ከነጠላቸው ጫፍ የታጠፈ ወረቀት ፈተው አሳዩን። ነገሩ የወሰን ክርክር ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት የተጻፈላቸው ደብዳቤ፣ «የይዞታዎ ስኬች ተያይዞ ይቅረብ» ይላል። ቃሉን ቢጠይቁ በእጅ የሚሣል ሥዕል ነው ስለ ተባሉ፣ ተማሪ ልጃቸው ቤቱን፣ አጥሩንና የጎረቤቱን ዛፍ አሳምሮ ሣለላቸው። ወስደው ቢያቀርቡ፣ «ልኬት የለውም» ተብሎ ተመለሰባቸው። ልጁ በእርምጃ ለክቶ ቁጥር ጨመረበት፤ አሁንም ተመለሰ። መሥሪያ ቤቱ የፈለገው በባለሙያ ተለክቶ የተነሣ ፕላን ኖሯል። በደብዳቤው ላይ እንዲሁ ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ እኒያ እናት የሁለት ቀን ሥራና የመኪና ኪራይ ባልከሰሩም ነበር።

እንግዲህ ይህን ያህል የሚያመላልስ ቃል ምን ማለት እንደ ሆነ መመርመር ይገባል። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከሆላንድ ቋንቋ ነው፤ ሆላንዶች ከኢጣልያኖች ወስደውታል፤ የኢጣልያንኛውም ሥር በላቲን በኩል አልፎ ወደ ግሪክ ይደርሳል። በግሪክኛ ትርጉሙ ድንገት፣ ሳይሰናዱ የተደረገ ነገር ማለት ነው። ቃሉ ብዙ አገር ቢዞርም ይህን ጠባዩን አልተወም። ስኬች ፈጥኖ የሚሠራ ነው፤ ዋናውን ነገር ያሳያል፤ ዝርዝሩን ይተዋል።

የመጀመሪያው ትርጉሙ በእርሳስ ወይም በከሰል በፍጥነት የሚነሣ ሥዕል ነው። ለዚህ በአማርኛ «ንድፍ» የሚል መልካም ቃል አለን። ነደፈ ሲባል ንብም ይነድፋል፤ ጥጥም በደጋን ይነደፋል። የቃሉን ሥር ለመፍረድ ሳይሆን ለማስታወስ ያህል፣ ንብ አንድ ጊዜ ነክታ ትሄዳለች፤ የተነደፈ ጥጥም ገና ፈትል አልሆነም፤ ለመፈተል ተዘጋጀ እንጂ። የሠዓሊም ንድፍ እንዲሁ ነው። በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ዳሩ ግን ያ ሁሉ መስታወት ከመቆረጡ በፊት ነገሩ በወረቀት ላይ ንድፍ ነበረ።

ሁለተኛው ትርጉም ከጽሑፍ ይገኛል። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲክንስ በ1836 እ.ኤ.አ. ስለ ለንደን ኑሮ የጻፋቸውን አጫጭር ጽሑፎች በዚሁ ስም ሰብስቦ አሳትሟል። እንዲህ ያለውን እኛ «ወግ» ብንለው ያስኬዳል። ሦስተኛው በመድረክ፣ በራዲዮና በቴሌቪዥን የሚታይ ወይም የሚሰማ አጭር አስቂኝ ጨዋታ ሲሆን፣ ይህን ሕዝቡ «ጭውውት» ብሎ ለምዶታል።

እዚህ ላይ ወጣት ጸሐፊዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ሊጸድቅ የተሰናዳ ሕግ ስኬች አይባልም፤ ረቂቅ ነው እንጂ። በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲያረቁት፣ እያንዳንዱ ቁጥር ተመዝኖ የተጻፈ ነበር እንጂ ለመነሻ ያህል የተጫረ አልነበረም። ደግሞ «ስኬቺ» የሚለው ቅጽል ያልተሟላ፣ ስስ ማለት ነው። አንድ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አለቃ ሪፖርታችሁን እንዲህ ቢለው ያመሰገናችሁ አይምሰላችሁ።

ወደ ሞጆ መንገድ እንመለስ። ሁለት መኪናዎች የተጋጩ እንደ ሆነ የትራፊክ ፖሊስ ደርሶ የቦታውን ንድፍ ያነሣል። ሥዕሉ ቀላል ነው፤ መኪናዎቹ አራት ማዕዘን፣ መንገዱም ሁለት መስመር ናቸው። ይሁን እንጂ የፍሬኑ ምልክት ምን ያህል እንደ ረዘመ፣ መኪናው ከመንገዱ ጠርዝ ምን ያህል እንደ ራቀ በሜትር ለክቶ ይጽፍበታል። መኪናዎቹ ተነሥተው መንገዱ ከተከፈተ በኋላ ዳኛው ፊት የሚቀርበው ያ ወረቀት ነው። ስለዚህ በችኮላ የተሠራ ንድፍም ቢሆን ልኬት ሲጨመርበት ይመሰክራል። የሽማግሌው የአፈር ላይ መስመር መንገደኛን ያደርሳል፤ ወሰን ግን አይቆርጥም። የሁለቱ ልዩነት በሥዕሉ ማማር አይደለም፤ ማን ለካው፣ በምንስ ለካው በሚለው ነው።

እንግዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ብዕር የያዛችሁ ወጣቶች፣ «ስኬች ይቅረብ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት የምትፈልጉትን ለራሳችሁ ጠይቁ። በእጅ የተነሣ ንድፍ ይበቃችሁ እንደ ሆነ ያንኑ ጻፉ። የተለካ ፕላን ከሆነ፣ ማን እንደሚለካውና ምን ምን እንደሚታይበት ጨምሩ። ባዕድ ቃል መጠቀም ነውር አይደለም፤ ፕላንም ራሱ ባዕድ ነበር። ነውሩ ጸሐፊው ያልለየውን ነገር ባለ ጉዳዩ እንዲለየው መተው ነው።

ከሻይ ቤቱ ስንነሣ ያ ተማሪ የእናቲቱን ደብዳቤ ተቀብሎ፣ በጀርባው ላይ «በባለሙያ ተለክቶ የሚነሣ የቦታ ፕላን» ብሎ በጉልህ ጻፈላቸው። እርሳቸውም ወረቀቱን አጥፈው መልሰው በነጠላቸው ቋጠሩት። የልጃቸውን ሥዕል ግን አልጣሉም፤ «ለካዩ ሲመጣ ዛፉ የት እንደ ነበረ አሳየዋለሁ» አሉን።