ስሙ «ነፃነት» የሆነ መስጂድ



ልጆቻችን በዚህ በረመዳን የዓለምን ታላላቅ መስጂዶች ምስል በቴሌቪዥንና በስልክ እያዩ ይደነቃሉ። እኛም ከእነዚህ አንዱን፣ በኢንዶኔዥያ ዋና ከተማ በጃካርታ የሚገኘውን የኢስቲቅላል መስጂድ እንመልከት። መንግሥት በሕንፃ አማካይነት ስለ አገር እንዴት እንደሚናገር ጥሩ ማሳያ ነውና።

«ኢስቲቅላል» በዐረብኛ ነፃነት ማለት ነው። ቦታው ሲመረጥ ምክትል ፕሬዚዳንቱ መሐመድ ሐታ ሙስሊሞች በብዛት በሚኖሩበት ሰፈር ይሁን ብለው ነበር። ፕሬዚዳንት ሱካርኖ ግን ከቤተ መንግሥቱ አቅራቢያ፣ በሆላንዷ ንግሥት በዊልሄልሚና ስም ይጠራ የነበረውን መናፈሻ መረጡ። በዚያ የነበረው የቅኝ ገዢዎች ምሽግ ፈርሶ እ.ኤ.አ. ኦገስት 24 ቀን 1961 የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። መስጂዱ የተመረቀው በ1978 ነው።

የጉልላቱ ስፋት 45 ሜትር የሆነው ነፃነት የታወጀበትን 1945 ለማስታወስ ነው። ንድፉን የሠሩት ፍሬድሪክ ሲላባን ክርስቲያን ነበሩ፤ ከመንገዱ ማዶም የካቶሊክ ካቴድራል አለ። ይህም የአንድነት ምልክት ሆኖ ይነገራል። ከ66 ሜትር በላይ የሚረዝመው ሚናራ ደግሞ የቁርኣንን 6,666 አንቀጾች ያመለክታል ይባላል። ነገር ግን በቁርኣን ትምህርት ቤት የምንማረው የኩፋ ሊቃውንት ቆጠራ 6,236 ነው። ለምልክት ሲቸኮል ዕውቀት ወደ ኋላ ይቀራል።

አገርን መውደድ ነውር አይደለም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መካን ሲለቁ አዝነዋል። ለነፃነት አላህን ማመስገንም ተገቢ ነው። ሆኖም በመዲና ያሠሩት መስጂድ ግድግዳው የጭቃ ጡብ፣ ምሰሶው የተምር ግንድ፣ ጣሪያው የተምር ዝንጣፊ ነበር። ሱረቱ አት-ተውባህ የሚያወድሰውም በተቅዋ ላይ የተመሠረተውን መስጂድ ነው፤ ምእመናንን ለመከፋፈል የተሠራውን ይነቅፋል። የሕንፃ ግዝፈት ከመለኪያው ውስጥ የለም።

ስለዚህ የሐታ ሐሳብ ዛሬም ሊታሰብበት ይገባል፤ መስጂድ የሚቀርበው ለማን ነው? ለቤተ መንግሥት ወይስ ለሰጋጁ? ደግነቱ ኢስቲቅላልን ሕዝቡ የራሱ አድርጎታል። በየረመዳኑ በሺዎች የሚቆጠሩ ጾመኞች እዚያ በነፃ ያፈጥራሉ፤ ባለሥልጣኑም የቀን ሠራተኛውም በአንድ ሰፍ ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችን የአንድን መስጂድ ውበት ሲያደንቁ አብረን እናድንቅ። ከዚያም ማን እንዳሠራው፣ ለምን እንዳሠራው፣ ዛሬ ማታ ተራዊሕ ማን እንደሚሰግድበት እንጠይቃቸው። አላህ ጾማችንን ይቀበለን። አሚን።